የመኪና ኤሲ ለወሎ መንገድ፦ በእጅ የሚስተካከለው ወይስ አውቶማቲኩ?

ከደሴ ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የሐረጎን ቁልቁለት ጨርሰን ሜዳው ላይ ስንደርስ ግን ከ600 ሜትር በላይ ቁልቁል ወርደናል። ከፍታው በ1,000 ሜትር ሲቀንስ ሙቀቱ በአማካይ 6.5 ዲግሪ ይጨምራል። ስለዚህ በዚህች አጭር መንገድ ብቻ የ4 ዲግሪ ልዩነት አለ። በባቲ አድርጎ እስከ ሚሌ የሚሄድ ሰው ደግሞ 2,000 ሜትር ያህል ይወርዳል፤ 13 ዲግሪ ማለት ነው። ጠዋት ደሴ ላይ ጋቢ ያማረው ሾፌር፣ ምሳ ሰዓት ላይ ሸሚዙ ከጀርባው ጋር ተጣብቋል።

መኪና ስንገዛ ይሄን የሚያስብልን የለም። ደላላው «ኤሲ አለው፣ ፉል ኦፕሽን ነው» ይልና ወደ ዋጋው ይገባል። ምን ዓይነት ኤሲ? ሂተሩስ ይሠራል? ማንም አይጠይቅም። በእጅ የሚዞር አለ። ቁጥር የሚያሳይ አውቶማቲክ አለ። ለሾፌሩና ለጋቢናው ተሳፋሪ ለየብቻ የሚስተካከል አለ። አሁን ደግሞ የኤሌክትሪክ መኪናው የራሱን ጣጣ ይዞ መጥቷል።

አቋሜን ከወዲሁ ልናገር። ለወሎ መንገድ ዋናው ነገር ማሞቂያውም ማቀዝቀዣውም በትክክል መሥራታቸው ነው። አውቶማቲክነቱ ከዚያ በኋላ የሚመጣ ነው። ጤነኛ የእጅ ኤሲ ከታመመ አውቶማቲክ በብዙ ይሻላል።

በምን እንመዝን?

አምስት ነገር እይ ብባል እነዚህን አያለሁ።

አንደኛ፣ መንገዱ ላይ አየሩ ሲለዋወጥ ሾፌሩ ስንት ጊዜ እጁን ከመሪው ያነሳል? ሐረጎ ላይ ከፊት ከባድ መኪና፣ ከጎን ገደል እያለ ቁልፍ መፈለግ ደስ አይልም።

ሁለተኛ፣ ጭጋግ። ደሴ ላይ ሰው «ኤሲ ምን ያደርግልኛል፣ ብርዱ መች አነሰኝ» ይላል። ልክ አይደለም። ኤሲ አየሩን ብቻ አያቀዘቅዝም፤ እርጥበቱንም ይመጥጣል። ሐምሌና ነሐሴ ላይ የፊት መስታወቱ ከውስጥ ሲደፈን የሚያድነው ኤሲና ሂተር አንድ ላይ ሲበሩ ነው። ኤሲው ያደርቀዋል፣ ሂተሩ ያሞቀዋል፣ ደረቅና ሞቃት አየር መስታወቱን ቶሎ ያጠራዋል። ሚኒባስ ውስጥማ መስኮት መክፈት አይታሰብም። ገና ጣት ያህል ሲከፈት «ኧረ ዝጉት፣ ብርድ ይመታናል!» የሚል አይጠፋም። የዚያ ሁሉ ሰው ትንፋሽ ደግሞ መሄጃው መስታወቱ ነው።

ሦስተኛ፣ ሲበላሽ ማን ይጠግነዋል? ዕቃው ደሴና ኮምቦልቻ ይገኛል ወይስ አዲስ አበባ መላክ አለበት?

አራተኛ፣ ጉልበት። ደሴ 2,500 ሜትር ከፍታ አካባቢ ናት። አየሩ ስስ ስለሆነ ቱርቦ የሌለው ሞተር በባሕር ጠለል ላይ ካለው ጉልበት ሩብ ያህሉን ያጣል። አነስተኛ ሞተር ያለው መኪና ኤሲ በርቶለት ሐረጎን ሲወጣ ያስታውቅበታል።

አምስተኛ፣ አቧራ። ስለ እሱ ከታች አለ።

በእጅ የሚዞረው

አሠራሩ ቀላል ነው። ማራገቢያው አየሩን መጀመሪያ ኢቫፖሬተር በሚባለው የኤሲው ቀዝቃዛ ክፍል ያሳልፈዋል። ከዚያ አንድ ትንሽ በር አለች። በሩ አየሩን ወይ ወደ ሂተሩ ራዲያተር ትመራዋለች፣ ወይ በጎኑ ታሳልፈዋለች፣ ወይም ከፍላ ታደባልቀዋለች። ቀይና ሰማያዊ የተቀባውን ቁልፍ ስታዞሩ የምታንቀሳቅሱት ይቺን በር ነው። ሙቀት አልመረጣችሁም፤ የበሩን ቦታ ነው የመረጣችሁት። ውጭው ሲሞቅ ውስጡም ይሞቃል፣ ፀሐይ ስትገባም እንደዚያው። መኪናው ስለ እናንተ ምቾት የሚያውቀው ነገር የለም። ያሉት መለኪያዎች ኢቫፖሬተሩ በረዶ እንዳይሠራ የሚጠብቀውና የጋዙን ግፊት የሚያየው ብቻ ናቸው። ሁለቱም የተቀመጡት ማሽኑን ለመጠበቅ ነው።

ጥቅሙም እዚሁ ላይ ነው። የሚበላሽ ነገር ትንሽ ነው። ማራገቢያው በመጨረሻው ፍጥነት ብቻ ሠርቶ በሌሎቹ እምቢ ካለ፣ አብዛኛውን ጊዜ የተቃጠለው ፍጥነቱን የሚቀንስለት ሬዚስተር ነው። ርካሽ ዕቃ ነው፤ ኤሌክትሪሺያኑም ቶሎ ያገኘዋል።

አውቶማቲኩ እንዴት ያውቃል?

እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ። ብዙ ገዢ የሚሸወደው እዚህ ነው።

22 ብላችሁ ስትሞሉ፣ ከቀዳዳው 22 ዲግሪ አየር ይወጣል ማለት አይደለም። የመኪናው ውስጥ 22 እንዲሆን ማዘዛችሁ ነው። ኮምፒውተሩ ያዘዛችሁትን ካለው ሙቀት ጋር ያነጻጽራል። ልዩነቱ ሰፊ ከሆነ በጣም ቀዝቃዛ ወይም በጣም ሞቃት አየር በኃይል ይለቃል። እየተቀራረበ ሲሄድ በሩን በትንሽ ሞተር ያንቀሳቅሳል፣ ማራገቢያውንም ዝቅ ያደርጋል። ስለዚህ ቶሎ እንዲቀዘቅዝ ብላችሁ 16 ላይ ብታወርዱት ጥቅም የለውም። መኪናው ፀሐይ ላይ ውሎ ከሆነ 22 ላይም በሙሉ ኃይሉ ነው የሚጀምረው። መጨረሻው ላይ «ሎ» ወይም «ሃይ» የሚለው ጋ ካደረሳችሁት ደግሞ ማስተካከሉን ትቶ ዝም ብሎ በሙሉ አቅሙ ይሠራል። እንዲህ ከሆነ ለአውቶማቲክ ለምን ከፈላችሁ?

አሁን ወደ ሴንሰሮቹ።

የውስጡን ሙቀት የሚለካው ዳሽቦርዱ ላይ፣ በመሪው አካባቢ፣ ጥፍር በምታህል ወንፊት ጀርባ ተደብቋል። ሲሞቅ የኤሌክትሪክ መቋቋሙ የሚቀንስ ፍሬ ነው። ፍሬው ዳሽቦርዱ ውስጥ ስለሆነ የዳሽቦርዱን ሙቀት እንዳይለካ፣ ከጀርባው ያለ ቱቦ ወይም ትንሽዬ ማራገቢያ የመኪናውን አየር ዘወትር ይስብለታል። ወንፊቷ በአቧራ ከተደፈነች አየሩ አይሳብም። ያኔ ሴንሰሩ የጋለውን ዳሽቦርድ ያነባል፤ ኮምፒውተሩም «ውስጡ ገና ሞቃት ነው» ብሎ ተሳፋሪውን ያንቀጠቅጠዋል። ሙከራው ቀላል ነው። ማራገቢያው በርቶ ሳለ ቁራጭ ሶፍት ወንፊቷ ላይ አስጠጉ። ከያዘችው ደህና ናት፤ ከወደቀ ትጸዳ። አንዳንድ አዳዲስ መኪኖች ግን ይህ መሳቢያ የላቸውም።

የፀሐይ ሴንሰሩ ዳሽቦርዱ ላይ ከመስታወቱ ሥር ያለች ጥቁር ጉብታ ናት። ፀሐይ ስታርፍባት ኮምፒውተሩ አየሩ ሳይሞቅ በፊት ተጨማሪ ቅዝቃዜ ያዛል። እኛ አገር ደግሞ ዳሽቦርድ ባዶውን አያድርም። ምንጣፍ ይነጠፍበታል፣ የሶፍት ሣጥን ይቀመጥበታል፣ ላዩ ላይ አበባ ይጨመርበታል። ሴንሰሩ ተሸፍኖ «አውቶማቲኩ ሰነፍ ነው» የሚባል መኪና ሞልቷል።

የውጭው ሴንሰር ከፊት ባምፐሩ ኋላ፣ ከራዲያተሩ ፊት ነው። ስትገዙ በደንብ እዩት፣ ምክንያቱም መኪናው ከፊት ተጋጭቶ ባምፐሩ ከተፈታ ሶኬቱ ሳይመለስ ሊቀር ይችላል። መስመሩ የተቋረጠ ሴንሰር ለኮምፒውተሩ ከባድ ብርድ ሆኖ ይታየዋል። ስክሪኑ ላይ ከዜሮ በታች 30 ወይም 40 ሲል ካያችሁ፣ ደሴ የቱንም ያህል ብትበርድ እዚያ አልደረሰችም። በብዙ መኪኖች ላይ ኮምፒውተሩ ያን ቁጥር አምኖ የኤሲውን ጋዝ የሚጨምቀውን ኮምፕረሰር አያስነሳም። መካኒኩ ጋዝ ጨምሮ ገንዘብ ይቀበላል፤ ኤሲው ግን ያው ነው።

የሞተሩን ውኃ ሙቀት የሚያየውም አለ። ጠዋት ሞተሩ ሳይሞቅ ማራገቢያው ዝግ የሚለው በእሱ ምክንያት ነው፤ በረዶ አየር እንዳይነፋባችሁ ነው። ብልሽት አይደለም።

በብዙ የቶዮታ ሞዴሎች መኪናው ራሱን ይመረምራል። «ኦቶ» የሚለውንና የውስጥ አየር ማዞሪያውን አዝራር አንድ ላይ ተጭናችሁ እንደያዛችሁ ቁልፉን አብሩ። ስክሪኑ ላይ ከሚመጡት የብልሽት ቁጥሮች 11 የውስጡ ሴንሰር ነው፣ 12 የውጭው፣ 21 የፀሐዩ። 21 ቁጥር ጋራዥ ውስጥ ጥላ ላይ ሲሞከር ከጤነኛ ሴንሰርም ይመጣል። ፀሐይ ላይ አውጥታችሁ ድገሙት እንጂ ዕቃ ለመግዛት አትሩጡ።

ይህ ሁሉ ሲሠራ ግን ሐረጎ ላይ ልዩነቱ ግልጽ ነው። ደሴ ላይ ሂተር ሲሰጥ የነበረው መኪና ቁልቁል ሲወርድ ቀስ በቀስ ወደ ቀዝቃዛ ይዞራል። ሾፌሩ ምንም አልነካም። ስትመለሱም እንዲሁ።

ባለ ሁለት ዞኑ

ሁለት መደባለቂያ በር፣ ሁለት ሞተር፣ ሁለት ቁጥር። ሾፌሩ 20፣ ጎኑ ያለው 24 ይላል። ትንሽ መኪና ውስጥ አየሩ ስለሚደባለቅ ልዩነቱ ሰፊ አይሆንም። ትልቅ መኪና ላይ ነው ትርጉም ያለው። በሩን የሚያዞሩት ሞተሮች ጥርሳቸው ፕላስቲክ ነው፤ ሲሸራረፍ ከዳሽቦርድ ኋላ «ጠቅ ጠቅ ጠቅ» የሚል ድምፅ ይመጣል። አንዱ ጎን ሙቅ፣ ሌላው ቀዝቃዛ ሆኖ ቁጥሩ ግን እኩል ከሆነ ጥርጣሬያችሁ እዚያ ላይ ይሁን። ዕቃው ርካሽ ሊሆን ይችላል፤ ዳሽቦርድ ማስፈታቱ ግን ያማል። ለዚህ ብቻ ብሎ ዋጋ መጨመር እኔን አያሳምነኝም።

ሂተሩን አትርሱት

የነዳጅ መኪና ሙቀቱን የሚያገኘው ከሞተሩ ውኃ ነው። እኛ ጋ ሞተር ሲግል መፍትሔው ቴርሞስታቱን (ሞተሩ እስኪሞቅ ውኃው ወደ ራዲያተር እንዳይሄድ የሚዘጋውን ዕቃ) አውጥቶ መጣል የሆነበት ጋራዥ ብዙ ነው። ቴርሞስታት የሌለው ሞተር ኮምቦልቻ ላይ ደህና ይመስላል። ደሴ ጠዋት ላይ፣ ይባስ ብሎም ከደሴ ከፍ በሚለው ጉጉፍቱ ላይ፣ በቂ ሙቀት ላይ አይደርስም። ሂተሩ ለብ ያለ ነገር ይሰጣችኋል። አውቶማቲኩ ደግሞ ውኃው እስኪሞቅ ብሎ ማራገቢያውን ዝቅ አድርጎ ይጠብቃል፤ ውኃው ግን አይሞቅም።

ሌላው የቧንቧ ውኃ ነው። በኩላንት ፋንታ ውኃ ሲሞላበት የኖረ መኪና ዝገቱ የሂተሩን ራዲያተር ይደፍነዋል። ሲያፈስም ወደ እሱ የሚሄዱትን ሁለት የጎማ ቱቦዎች እርስ በርስ አገናኝቶ ማለፍ የተለመደ ነው። ኮፈኑን ክፈቱና ወደ ሾፌሩ ክፍል የሚገቡትን ሁለት የሂተር ቱቦዎች እዩ። ሞተሩ ሲሞቅና ሂተሩ ሲከፈት ሁለቱም መሞቅ አለባቸው። አንዱ ሞቆ ሌላው ከቀዘቀዘ ተደፍኗል። ለሞቃት አገር ገበያ ተብለው ከተሠሩ መኪኖች መካከል ጭራሽ ሂተር ሳይገጠምላቸው የመጡም አሉ፤ ቁልፉ ላይ ቀይ ቀለም መኖሩን ሳይሆን ሙቅ አየር መውጣቱን አረጋግጡ።

ኤሲ የሌለው፣ ሂተር ብቻ ያለው አሮጌ መኪናስ? ደሴ ከተማ ውስጥ ብቻ የሚሠራ ከሆነ ይቻላል። ክረምት ላይ ጨርቅ ይዛችሁ መስታወት ትጠርጋላችሁ። ወደ ከሚሴና ባቲ ለሚወርድ ግን አልመክርም።

የኤሌክትሪክ መኪናው

ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ የነዳጅ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ ስለተከለከለ አዲስ የሚገዛ ሰው እዚህ መድረሱ አይቀርም። የሚያሞቀው የሞተር ውኃ የለም። ሙቀቱ የሚመጣው ከሁለት በአንዱ ነው። አንደኛው ፒቲሲ የሚባለው በኤሌክትሪክ የሚግል ማሞቂያ ነው። ቶሎ ያሞቃል፤ ሲጀምር ግን ከባትሪው በርካታ ኪሎዋት ይስባል። ሁለተኛው ሂት ፓምፕ ነው፤ ኤሲውን ገልብጦ ከውጭው አየር ሙቀት ይሰበስባል፣ ለተመሳሳይ ሙቀትም በጣም ያነሰ ኃይል ይወስዳል። የደሴ ብርድ ለሂት ፓምፕ ከባድ አይደለም።

ብዙ ሰው የሚፈራው ሂተር ባትሪ ይጨርሳል ብሎ ነው። እስቲ እናስላው። 1,700 ኪሎ የሚመዝን መኪና ሐረጎን ሲወጣ፣ 650 ሜትር ከፍታውን ለማሸነፍ ብቻ 3 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ይፈልጋል። ሂተሩ በአማካይ 2 ኪሎዋት ቢስብ እንኳ በአንድ ሰዓት 2 ኪሎዋት ሰዓት ነው። ዳገቱ ይበልጣል። ስትወርዱ ደግሞ ከፊሉ ወደ ባትሪው ይመለሳል። ወንበር ማሞቂያ ካለው እሱን አስቀድሙ፤ 100 ዋት ገደማ ነው የሚወስደው።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለ። በብዙዎቹ ላይ ባትሪውን የሚያቀዘቅዘው ያው የኤሲው ጋዝ ነው። ኤሲው ከተበላሸ የሚጎዳው ምቾት ብቻ አይደለም። ኮምፕረሰሩም በከፍተኛ ቮልቴጅ ስለሚሠራ ዘይቱ ኤሌክትሪክ የማያስተላልፍ ልዩ ዓይነት ነው። ለነዳጅ መኪና የሚጨመረውን ዘይት የሚሞላ ባለሙያ እጅ እንዳይነካው።

ባጭሩ በሠንጠረዥ

| መለኪያ | ሂተር ብቻ | በእጅ የሚዞር | አውቶማቲክ አንድ ዞን | ባለ ሁለት ዞን | የኤሌክትሪክ መኪና |
|---|---|---|---|---|---|
| ሐረጎን ሲወርዱና ሲወጡ | መስኮት መክፈት | ቁልፍ ደጋግሞ መንካት | ራሱ ይስተካከላል | ራሱ ይስተካከላል | አብዛኛው ራሱ ይስተካከላል |
| የክረምት ጭጋግ | ደካማ | ጥሩ፣ ሾፌሩ ካወቀበት | በጣም ጥሩ | በጣም ጥሩ | በጣም ጥሩ |
| ጥገና | ቀላል | ቀላል | ኤሌክትሪሺያን ይፈልጋል | ከባድ | ልዩ ባለሙያ ብቻ |
| አቧራ የሚጎዳው | ማራገቢያውን | ማራገቢያና ፊልተር | ፊልተርና የውስጡን ሴንሰር | እንደ አንድ ዞኑ | ፊልተርና ሴንሰር |
| ዳገት ላይ ጉልበት | አይነካም | ትንሽ ሞተር ላይ ይከብዳል | ትንሽ ሞተር ላይ ይከብዳል | ብዙ ጊዜ ትልቅ ሞተር ስለሆነ አይታወቅም | ባትሪ ይወስዳል |
| የመግዣ ዋጋ | ዝቅተኛ | መካከለኛ | ከፍ ያለ | ከሁሉም የነዳጅ መኪና ውድ | እንደ ሞዴሉ |

ለማን የቱ?

ደሴ ውስጥ የምትነዱና ገንዘባችሁ ውስን ከሆነ፣ በእጅ የሚዞር ኤሲና ጥሩ ሂተር ያለውን አሮጌ ቪትዝ ወይም ኮሮላ ያዙ። ኤሲውን ለጭጋግ ነው የምትጠቀሙበት። ጭጋግ ሲመጣ የውስጥ አየር ማዞሪያውን አጥፉና የውጭ አየር አስገቡ። ብዙ ሰው ብርድ ፈርቶ የውስጡን አየር ያዞርና ጭጋጉን ራሱ ያባብሰዋል።

በየቀኑ ደሴና ኮምቦልቻ የምትመላለሱ፣ ኢንዱስትሪ ፓርኩም ይሁን ሌላ ቦታ የምትሠሩ፣ ባለ አንድ ዞን አውቶማቲክ ለእናንተ ነው። ከሁሉም በላይ ዋጋውን የሚመልሰው እናንተ ጋ ነው። ግን የሶፍቱን ሙከራ ሳታደርጉና የውጭ ሙቀት ቁጥሩን ሳታዩ ብር እንዳትቆጥሩ።

በባቲ ወደ አፋር የምትወርዱ ሰዎች ስለ አውቶማቲክ ብዙ አትጨነቁ። እዚያ የሚፈለገው ብርታት ነው። ኮንደንሰሩ (ከራዲያተሩ ፊት ያለው የኤሲው ጋዝ ማቀዝቀዣ) ጭቃና ነፍሳት ያልጠቀጠቀው፣ የራዲያተር ፋኑ የሚነሳ፣ ጋዙ ያልጎደለ ይሁን። ጋዝ እንደ ነዳጅ አያልቅም፤ ከጎደለ የሚያፈስበት ቦታ አለ። «በየዓመቱ ይሞላል» የሚል ሻጭ ስለ ፍሳሹ እየነገራችሁ ነው። ኮፈኑ ሥር ያለውን፣ የጋዙን ዓይነት የሚናገረውን ምልክት አንብቡ። አብዛኛው አር 134ኤ ነው፤ አዳዲሶቹ ላይ የሚገኘው አር 1234ዋይኤፍ በጣም ውድ ነው።

ወረኢሉ፣ ደላንታ ወይም በድልብ ወደ ጋሸና አቧራና ብርድ ለሚበላው ፒክአፕ፣ በእጅ የሚዞር ይሁን። ፊልተሩ ብዙ ጊዜ ከጋቢናው የዕቃ ሣጥን ጀርባ ነው፤ በጋ ላይ ቶሎ ቶሎ አውጥታችሁ አራግፉት፣ ሲጠቁር ቀይሩት። አንዳንዱ መኪና ላይ ፊልተሩ ጭራሽ ወጥቶ ተጥሎ ታገኛላችሁ።

ቤተሰብ ይዞ ላሊበላም አዲስ አበባም ለሚሄድ፣ ገንዘቡም ላለው፣ ከባለ ሁለት ዞኑ ይልቅ የኋላ መቀመጫ ጋ የአየር መውጫ ያለውን መኪና እመርጥለታለሁ። ልጆቹ ያሉት እዚያ ነው።

የኤሌክትሪክ መኪና ለሚገዛ ጥያቄው አንድ ነው፤ ሂት ፓምፕ አለው ወይስ የለውም? አንድ ዓይነት ሞዴል ሆኖ አንዱ ያለው፣ አንዱ የሌለው ይገኛል።

ሙከራውን በተመለከተ፣ ሻጩ ኮምቦልቻ ላይ እኩለ ቀን ከቀጠራችሁ የምታዩት ኤሲውን ብቻ ነው። በተቻለ መጠን ደሴ ላይ በጠዋት፣ ሞተሩ ሳይነሳ ድረሱ። ኮፈኑን በእጃችሁ ነክታችሁ ቀዝቃዛ መሆኑን እዩ። ከዚያ አስነሱና 22 ላይ አድርጉት፤ በእጅ የሚዞር ከሆነ መሐል ላይ። ሂተሩ እስኪሞቅ ጠብቁ፣ ከዚያ ቁልቁል እስከ ኮምቦልቻ ንዱት። ሻጩ «ለምን እዚሁ አንዞርም?» ካለ፣ የነዳጁን እናንተ ቻሉ።